ገዥ ሥሩን ይፈትሽ፣ ሻጭም እርጥቡን ያውጣ

በ2015 ዓ.ም. ለዓመታት ባጠራቀምኩት ገንዘብ ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ ልገዛ በደላላ በኩል ተስማማሁ። ሊብሬዋ ንጹሕ፣ ሻጩም ጨዋ ሰው ስለ መሰለኝ ቀብድ ከፈልኩ። ስም ለማዛወር ስንሄድ ግን ከፋይሉ ውስጥ የፍርድ ቤት እግድ ወጣ። ቀብዴን ያስመለስኩት ከወራት ምልልስ በኋላ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከስሕተቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከሻጩ ጋር ፋይሉ ወዳለበት ቢሮ ሄዳችሁ ዕዳና እግድ አለመኖሩን አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፤ የተፋቀ ቁጥር ካያችሁ ተዉት። ሦስተኛ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ቆጣሪው ትንሽ እያሳየ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ካለቀና መሪው ከተላጠ ጠርጥሩ። አራተኛ፣ በመቀመጫ ቀበቶው ላይ የተጻፈው የምርት ዓመት ከመኪናው የምርት ዓመት በኋላ ከሆነ ቀበቶው ተቀይሯል፤ ምናልባትም መኪናው ተጋጭቶ ይሆናልና ጠይቁ።

ለሻጮችም አንድ ቃል አለኝ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ላይ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ባለማድረጉም ነጋዴውን ገሠጹት። በሸሪዓም ዐይቡ ተደብቆበት የገዛ ሰው ዕቃውን የመመለስ መብት አለው። የተጋጨ መኪና ቀለም ቀብቶ፣ እግዱንም ደብቆ መሸጥ ከዚያ እህል በምን ይለያል?

አላህ በሐላል የምንገበያይ ያድርገን።