ስለ ሙሉ ቍጥር ዐይነቶች አሰያየም

የኮምፒዩተርን ቋንቋ የሚማር ሰው መጀመሪያ ከሚያገኛቸው ቃሎች አንዱ «ቻር» ነው፤ ትርጕሙም ፊደል ማለት ነው ይባላል። እኛ ግን በገዛ ፊደላችን ብንመዝነው ስሙና ግብሩ የተለያዩ ሆነው እናገኛቸዋለን።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ የምትገኘውን የቡራዩን ስም እንውሰድ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 6 ባይት ይበቃዋል። በእኛ ፊደል ለዐይን ሦስት ብቻ ነው። ነገር ግን የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ፊደሎች መዝገብ ሲገባ ለ«ቡ» የደረሰው ቍጥር 4705 ነው፤ የሲ ቋንቋ «ቻር» ደግሞ በምንሠራባቸው ማሽኖች 8 ቢት ስለ ሆነ ከ256 የበለጠ ልዩ ልዩ ዋጋ አይይዝም። ስለዚህ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ «ቡ» በሦስት ባይት ተከፍሎ 225፣ 137 እና 161 ሆኖ ይቀመጣል፤ ቡራዩም 9 ባይት ይሆናል።

ጉዳቱ ቀላል አይምሰላችሁ። አንድ ጽሕፈት ቤት ለባለጉዳይ ስም የተወሰነውን ቦታ «20 ቻር» ብሎ ያዘ እንበል። አንዱ ባይት ለመዝጊያ ምልክት ሲቀነስ 19 ይቀራል፤ «ወልደ ጊዮርጊስ» ተብሎ ቢጻፍበት «ወልደ ጊዮር» ላይ ይቆረጣል። የመታወቂያውና የመዝገቡ ስም አልገጥም ሲል ደጅ የሚጠናው ባለስሙ ነው እንጂ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው አይደለም።

ሌላም አለ። ያው 225፣ ሊኑክስ በሚሠራ የኢንቴል ማሽን «ቻር» ተብሎ ሲነበብ ከዜሮ በታች 31 ይሆናል፤ ሊኑክስ በሚሠራ የአርም ማሽን ግን 225 እንደ ሆነ ይኖራል። የሲ ደንብ ምርጫውን ለኮምፓይለሩ ትቶታልና። በዚህ ቍጥር ከሠንጠረዥ ውስጥ የሚፈልግ ፕሮግራም በአንዱ ማሽን በደኅና ሲሠራ በሌላው ከሠንጠረዡ አስቀድሞ ያለውን፣ የራሱ ያልሆነውን ማኅደር ይነካል።

አያቶቻችን ይህን ችግር ያውቁታል፤ ቁና የተባለ እንደ ሆነ የየትኛው ገበያ ቁና ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ ጋሻ መሬትም ከአገር አገር ይለያይ ነበር። «ቻር» በሲ 1 ባይት፣ በጃቫ 2፣ በረስት 4 ነው። «ሎንግ» የሚባለውም በባለ 64 ቢት ሊኑክስ 64 ቢት፣ በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 32 ቢት ነው። እንግዲህ ረጅም ማለት ምን ያህል ነው?

በዚያው በ1999 የወጣው የሲ ደንብ መጠናቸውን በስማቸው የሚናገሩ ዐይነቶችን አመጣ፤ «ኢንት32»፣ «ዩኢንት8» እና የመሳሰሉትን። «ዩ» ከዜሮ በታች የማይወርድ ማለት ሲሆን ቍጥሩ የቢቱ ብዛት ነው። ረስት አሳጥሮ «አይ32»፣ «ዩ8» ይላቸዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ይሻላል፤ ስም ሲያጥር ሰው ለመጻፍ አይሰንፍምና።

ነገር ግን መጠን ብቻውን አይበቃም። «ዩ32 ርዝመት» ብሎ የጻፈ ሰው የባይት ይሁን የፊደል ርዝመት አልነገረንም፤ «ወልደ ጊዮርጊስ» በባይት 25፣ በፊደል 8 ነው። ስለዚህ «የባይት ብዛት» እና «የፊደል ብዛት» ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ዐይነቶች ይሁኑ። በሲ ይህን በ«ታይፕዴፍ» ብቻ ያደረገ ሰው ለአንድ ዕቃ ሁለተኛ ስም አወጣ እንጂ ሁለት ዕቃ አልሠራም፤ ኮምፓይለሩ ሁለቱን ሲያደባልቅበት ዝም ይለዋል። እያንዳንዱን በ«ስትራክት» ከጠቀለላቸው ግን አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ዕለት ፕሮግራሙ ገና ሳይሠራ ይመለስበታል።