ድንጋይም ይለወጣል

ታናናሾቻችን «ድንጋይ ያድጋል ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። አያድግም፤ ነገር ግን ይለወጣል። የላሊበላን ዐለት እንመልከት። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ ነው። ሲፈስ በውስጡ የነበረው ጋዝ እንደ እንጀራ ዓይን ያለ ቀዳዳ ትቶበታል፤ ቅላቱም የብረት ዝገት ነው። በመሮ ለመፈልፈል የተመቸው ስለ ልልነቱ ነው፤ ዝናብም የሚገባው በዚያው ቀዳዳ ነው። ውኃው ዐለቱን ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈር ይለውጠዋል፤ ይህም በክረምት ሲያብጥ፣ በበጋ ሲኮማተር ግድግዳው ይሰነጠቃል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ መጠለያ የተሠራው፣ ለዓይን ባያምርም፣ ስለዚህ ነው። ጎርፍ ጠርጎ ወደ ተከዜ የሚወስደው ደቃቅ አፈር ግን ጠፍቶ አይቀርም፤ በረጋ ውኃ ሥር ለብዙ ዘመን ተደራርቦ ሲጫን እንደገና ድንጋይ ይሆናል።