ሽበቴን ልንቀል ወይስ ልቀባ?

ጥያቄ፦ የካ ሚካኤል አካባቢ የምኖር የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ግንባሬ ላይ ሽበት እየወጣብኝ ነው። ሲነቀል ይበዛል የሚባለው እውነት ነው? ከሾላ ገበያ ጥቁር ሂና ገዝቼ ብቀባስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሽበት በመነቀሉ አይበዛም። ግን ከዚያው ሥር ነጭ ሆኖ ይመለሳል፤ ደጋግሞ መንቀል ደግሞ ቦታውን ሊያራቁተው ይችላል።

የሽማግሌ ሽበት ይከበራል፣ የወጣት ሴት ሲሆን ግን «ምን ሆነሽ ነው?» ያስብላል። እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ፀጉር የሚነጣው በሥሩ ያሉት ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚያመርቱ ሕዋሳት ሲያልቁ ነው፤ ጊዜውን በአብዛኛው የሚወስነው ዘር ነው። እናትና አባትሽ መቼ እንደሸበቱ ጠይቂ። በእኛ በአፍሪካውያን ዘንድ ከ30 ዓመት በፊት ከመጣ ያለጊዜው ስለሚባል የደም ምርመራ አይከፋም፤ የታይሮይድ ሕመምና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊያመጡት ይችላሉ። ቢ12 በዋናነት የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ፣ አጽዋማቱን ሁሉ የምትጾሚ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ንጹሕ ሂና ቀላ ያደርጋል እንጂ አያጠቁርም። «ጥቁር ሂና» የሚባለው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል አለበት፤ ቆዳን ክፉኛ ሊያቆስልና ፊትን ሊያሳብጥ ይችላል። የምትቀቢ ከሆነ መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ጥቂት ሞክረሽ 48 ሰዓት ጠብቂ። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን ግን እባክሽ አትግዢ።