ፈሳሹን ከመግዛትዎ በፊት፦ ለምዕራብ ሐረርጌ አምራቾች

ዩሪያና ኤንፒኤስ ሲወደዱ «ማዳበሪያን ይተካል» የሚባል ፈሳሽ ገዢ አያጣም። ከባሕር አረም፣ ከሂውሚክ አሲድ ወይም ከአሚኖ አሲድ የሚዘጋጀው ይህ ምርት ባዮስቲሙላንት ወይም የዕፅዋት ማነቃቂያ ይባላል። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ያሉ የወይራ አምራቾች ይጠቀሙበታል። ጭሮ፣ ሂርና፣ ገለምሶ ወይም ሚኤሶ ላይ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ቡናና ጫት ለሚያመርት ሰው ግን ምክሩ ሌላ ነው፦ ማነቃቂያ ሰብሉን ያነቃል እንጂ አያበላም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የማዳበሪያ ደንብም ይህንኑ ይላል። ማነቃቂያ የሚባለው፣ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ምንም ያህል ይሁን፣ ተክሉ ያገኘውን ምግብ በደንብ እንዲጠቀም ወይም ድርቅንና ሙቀትን እንዲቋቋም የሚረዳ ነው። አፈሩ ውስጥ ምግብ ከሌለ የሚረዳው ነገር አይኖርም።

ሒሳቡን እንሥራው

በሄክታር 30 ኩንታል በቆሎ የሚሰጥ ማሳ በፍሬው ብቻ 45 ኪሎ ግራም ገደማ ናይትሮጅን ይወስዳል። ይህ አንድ ኩንታል ዩሪያ ከሚይዘው 46 ኪሎ ግራም ጋር ይቀራረባል። ናይትሮጅኑ 5 በመቶ የሆነ 2 ሊትር ፈሳሽ ግን የሚሰጠው 100 ግራም ያህል ነው። ዩሪያውን ትቶ ፈሳሹን ብቻ የረጨ ሰው የጎደለውን ከአፈሩ ተበድሯል። ዕዳውም በቀጣዮቹ ዓመታት ይመጣል፤ በተለይ በሚኤሶ ቆላ ማሽላ ላይ፣ አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም የደኸየ አፈር ይወዳልና።

ምትኩ ከደጅ ይጀምር

ዩሪያን በእርግጥ የሚቀንሰው ናይትሮጅን ያለው ነገር ነው። በዚህ ረገድ የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ዕድለኛ ነው። ሰንጋው ከደጅ ታስሮ የማሽላ አገዳና ቅጠል እየተመገበ ስለሚደልብ ፍግና ሽንቱ አንድ ቦታ ይጠራቀማል። ፀሐይና ዝናብ ላይ የተተወ ፍግ ግን ናይትሮጅኑ ይተናል፣ ይታጠባል። ስለዚህ፦

• ፍጉን ጥላ ሥር ይከምሩ፤ በሣር ወይም በአፈር ይሸፍኑት። ሽንቱን እንዲመጥ ከሥሩ ገለባ ያንጥፉ።

• በፍጉ የሚሠሩትን ኮምፖስት መስከረምና ጥቅምት ላይ ይጀምሩ፤ አረንጓዴ አረም የሚገኘውና እርጥበት ያለው ያኔ ነው። በየጊዜው እያገላበጡ እርጥበቱን ከጠበቁ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል።

• ከተማ ቅርብ ከሆኑ የጫት ገራባም ለኮምፖስቱ ይጠቅማል። ፌስታሉን ለቅመው ያውጡ።

• ብዙ አይጠብቁ። ናይትሮጅኑ 1 በመቶ የሆነ 50 ኩንታል ደረቅ ኮምፖስት 50 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ቢይዝም፣ በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ቀሪው በቀጣዮቹ ዓመታት ቀስ እያለ ይለቀቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ማዳበሪያውን ሙሉ በሙሉ አይቁረጡ። በከፊል ቀንሰው ከኮምፖስቱ ጋር ያጣምሩ። የመጠኑን ነገር ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ይመካከሩ።

ቦሎቄን ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ጋር አሰባጥሮ መዝራትም ይረዳል፤ ግን ቦሎቄ ከጥራጥሬዎች መካከል ናይትሮጅን ከአየር በመያዝ ደካማ ከሚባሉት ነው። ሪዞቢየም የተባለው ሕያው ማዳበሪያ ይህን ያግዛል። ለቦሎቄ ተብሎ የተዘጋጀውን ይጠይቁ፤ የሽምብራው ለቦሎቄ አይሆንም። ዘሩን በትንሽ ስኳር ውኃ አርሰው ጥላ ሥር በሪዞቢየሙ ዱቄት ይለውሱት፤ በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ላይ ይዝሩት። ዱቄቱ ፀሐይ ካገኘው ወይም ከዩሪያ ጋር ከተቀላቀለ ባክቴሪያው ይሞታል።

ፈሳሹ መቼ ይግባ?

አፈሩ ከበላ በኋላ፣ ለዚያውም ዝናብ በሚያጥርበት ቦታ። ማነቃቂያ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ተክሉ በድርቅ ወይም በሙቀት ሲጨነቅ ነው። በቆላው ግን ከፈሳሹ በፊት ውኃውን ይያዙ፤ ትልሙን በየርቀቱ ማሰር ዝናቡ ሳይሸሽ እንዲሰርግ ያደርጋል።

ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ናይትሮጅኑ ስንት በመቶ ነው? ለየትኛው ሰብል ተፈትኗል? በኢትዮጵያ ተመዝግቧል? መልስ ከሌለ ገንዘብዎን ይያዙ። ለወይራ ወይም ለወይን የተጻፈ መጠን ለማሽላ አይሠራም፤ የወይራ ዛፍ ለዓመታት የሚኖር ነው፣ ማሽላ ግን በአንድ ወቅት በልቶ ማፍራት አለበት።

ጫት ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ቅጠሉ ሳይበስል በጥሬው ይታኘካልና ለጫት ያልተፈቀደ ፈሳሽ አይርጩበት። የፍግ ውኃም ቢሆን ለሥሩ እንጂ ለቅጠሉ አይደለም። ኮምፖስቱን ከግንዱ ዙሪያ ቆፈር አድርገው አፈር ያልብሱት።

በራስዎ ማሳ ይፈትኑ

ምርጡ ምስክር ማሳዎ ነው። አፈሩ አንድ ዓይነት የሆነ ቦታ መርጠው 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ አራት መደቦችን ይከልሉ፦ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ኮምፖስት ብቻ፣ አንዱ ኮምፖስትና ግማሽ ማዳበሪያ፣ አንዱ እንደዚሁ ሆኖ ፈሳሹ የተጨመረበት። ዘሩም አረሙም እኩል ይሁን። ምርቱን ለየብቻ ይመዝኑ፤ በመደቡ የተገኘው እያንዳንዱ ኪሎ በሄክታር አንድ ኩንታል ማለት ነው። የሦስተኛውና የአራተኛው ልዩነት ሲሸጥ የፈሳሹንና የርጭቱን ወጪ ካልሸፈነ ፈሳሹ ለእርስዎ አይደለም። ውጤቱን ለጎረቤትም ለልማት ጣቢያም ያሳዩ፤ በዞኑ ያሉት የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከልና ጭሮ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም ቢጠየቁ መልካም ነው።

በአጭሩ፦ መጀመሪያ ፍግዎን ያድኑ፣ ቀጥሎ ማዳበሪያውን በልክ ያድርጉ፣ ፈሳሹን መጨረሻ ላይ፣ ያውም ሚዛኑ ሲፈቅድ ብቻ ይግዙ።