ደስታ የራቀው ርዕሰ መምህር ምን ይመራል?

ስለ ትምህርት ቤት አመራር ሲነሳ ዘወትር የምንሰማው ስለ በጀት፣ ስለ መጻሕፍት እጥረትና ስለ ፈተና ውጤት ነው። የመሪውና የመምህራኑ ደስታ ግን እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። በበኩሌ ይህን አልቀበልም።

ለመሆኑ ደስታ ስንል ምን ማለታችን ነው? ሳቅና ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሰው ሥራው ትርጉም ሲኖረው፣ ሲከበርና ያለ ስጋት ሲናገር የሚያገኘው የመንፈስ እርካታ ነው።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ባርባራ ፍሬድሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ፍርሃት የሰውን አስተሳሰብ ሲያጠብ ደስታ ያሰፋዋል፤ ለክፉ ቀን የሚሆን ጽናትና ወዳጅነትም ያስገኝለታል። ይህ በትምህርት ቤት ጎልቶ ይታያል። ርዕሰ መምህሩ ቁጡ ከሆነ መምህሩ ችግሩን ይደብቃል። የተማሪዎች መቅረትም ሆነ የክፍል ረብሻ ቢሮው የሚደርሰው ከረፈደ በኋላ ነው። መሪው የተረጋጋ ሲሆን ግን ጉዳዩን በጊዜ ይሰማል፤ መክሮም ይወስናል።

የዴልሂ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 8ኛ ክፍል የደስታ ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም የከፋው መምህር ደስታን እንዴት ያስተምራል?

«መምህር በፈገግታ አይጠግብም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ደስታ የደመወዝ ምትክ አይሆንም። ነገር ግን ቅሬታን ማዳመጥ፣ መምህርን በስብሰባ ፊት አለማዋረድ፣ ክፍለ ጊዜን በፍትሕ መደልደልና ለራስም ዕረፍት ማግኘት በጀት አይጠይቁም። ርዕሳነ መምህራን ከዚህ ይጀምሩ፤ ወላጆችም ትምህርት ቤት የምንሄደው ለስሞታ ብቻ አይሁን።