ቮልዩምን ከቋት ወደ ቋት ማዛወር፦ በዜድኤፍኤስ ከስረዛ በፊት ማረጋገጥ

ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚጠቀሙ ቤተ ሙከራዎች ዲስኮቻቸው ሲሞሉ ወይም ሲያረጁ ቮልዩሞችን ወደ ሌላ የማከማቻ ቋት ያዛውራሉ። በቮልዩሙ ውስጥ ያለው ውሂብ ሌላ ቅጂ የሌለው የመስክ ጥናት ሊሆን ይችላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ዜድኤፍኤስን ምሳሌ በማድረግ፣ ማዛወር የሚባለው ተግባር በመቅዳት፣ በማረጋገጥና በመሰረዝ ተከፍሎ መከናወን ያለበት ለምን እንደሆነ ማሳየት ነው። ዜድኤፍኤስ በሰን ማይክሮሲስተምስ የተሠራ የፋይል ሥርዓት ሲሆን፣ ምንጭ ኮዱ እ.ኤ.አ. በ2005 በኦፕንሶላሪስ በኩል ለሕዝብ ተለቋል።

በአንድ ቋት ውስጥ «ዜድኤፍኤስ ሪኔም» የተሰኘው ትእዛዝ የቮልዩሙን ስም ብቻ ይለውጣል፤ ውሂቡ ካለበት አይንቀሳቀስም። በሁለት ቋቶች መካከል ግን ይህ ትእዛዝ አይሠራም። እያንዳንዱ ቋት የራሱ ዲስኮችና የብሎክ አድራሻዎች ስላሉት ውሂቡ ተነብቦ እንደገና መጻፍ አለበት።

ቅጂው በሁለት ዙር ቢከናወን ይመረጣል። በመጀመሪያው ዙር ማሽኑ እየሠራ ሳለ፣ የቮልዩሙን የአንድ ቅጽበት ይዘት የሚያቆይ ስናፕሾት ይወሰዳል፤ ይህም በ«ሴንድ» ተልኮ በአዲሱ ቋት «ሪሲቭ» በተባለው ትእዛዝ ይጻፋል። በሁለተኛው ዙር ማሽኑ ይዘጋል፣ ሌላ ስናፕሾት ይወሰዳል፣ በሁለቱ ስናፕሾቶች መካከል የተለወጡት ብሎኮች ብቻ ይላካሉ። በዚህ አሠራር አገልግሎት የሚቋረጥበት ጊዜ የሚወሰነው በቮልዩሙ መጠን ሳይሆን በለውጡ መጠን ነው።

በዚህ ሂደት ሦስት ጉዳዮች ትኩረት ይሻሉ። አንደኛ፣ ሙሉ መጠኑ አስቀድሞ የተያዘለት ቮልዩም ስናፕሾት ሲወሰድለት፣ በውስጡ ያለውን ውሂብ የሚያህል ተጨማሪ ነፃ ቦታ በቋቱ ላይ መኖር አለበት፤ በመሆኑም በሞላ ቋት ላይ ትእዛዙ ሊከሽፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከሁለቱ ዙሮች መካከል በአዲሱ ቅጂ ላይ አንዳች ከተጻፈ ጭማሪው ተቀባይነት ያጣል፤ ስለዚህ ቅጂው ለንባብ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ይገባል። ሦስተኛ፣ መብራት ቢጠፋ የተላከው ክፍል ከንቱ እንዳይቀር «ሪሲቭ» ከ«ኤስ» አማራጭ ጋር ይታዘዛል፤ በዚህ ጊዜ ሥርዓቱ ዝውውሩን ካቆመበት ለመቀጠል የሚያስችል መለያ ያስቀምጣል።

ማረጋገጫው ደረጃ በደረጃ ይከናወናል። ስናፕሾት በሚላክበት ጊዜ ጂዩአይዲ የተባለው መለያ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ስናፕሾት ቁጥር በሁለቱም ቋቶች አንድ መሆኑ ይመሳከራል። ቀጥሎ በአዲሱ ቋት ላይ «ስክራብ» ታዝዞ የተጻፉት ብሎኮች ከቼክሰማቸው ጋር ይነጻጸራሉ። በመጨረሻም የቮልዩሙ ዱካ የቋቱን ስም ስለሚይዝ የማሽኑ ውቅር ይስተካከላል፣ የንባብ ገደቡ ይነሣል፣ ማሽኑም ከአዲሱ ቅጂ ይነሣና ፋይሎቹ ይፈተሻሉ።

«ዲስትሮይ» የሚታዘዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ትእዛዝ መመለሻ የለውም፤ ከእርሱ በፊት ያሉት እርምጃዎች ግን ሁሉም ሊደገሙ ይችላሉ። ነባሩን ቅጂ ለጥቂት ቀናት ማቆየት የሚያስከፍለው የዲስክ ቦታ ብቻ ነው። ሆኖም ማሽኑ በአዲሱ ቮልዩም ላይ መጻፍ እንደጀመረ ነባሩ ቅጂ ስለሚያረጅ፣ በተለየ ስፍራ የሚቀመጥን መደበኛ መጠባበቂያ አይተካም።