ቀስት መወርወር፤ ከደካማው ደጋን ስለ መጀመር

በቱርክ አገር የምንማር ኢትዮጵያውያን ቋንቋውን ስንጀምር ቶሎ ጆሯችን ከሚገቡት ቃላት አንዱ «ኬፓዜ» ነው። ሰው ሲዋረድና መሳቂያ ሲሆን ይባላል። ቃሉ ግን የዕቃ ስምም ነው፤ በኦስማን ዘመን ጀማሪ ቀስተኛ የሚሠለጥንበት ልል ደጋን ኬፓዜ ይባል ነበር። ተማሪው ፍላጻ ሳይሰጠው ይህንኑ ደጋን እየሳበ፣ ቀስ አድርጎም እየመለሰ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ወደ ጠንካራው የሚሸጋገረው ክንዱና ጀርባው ሥራውን ከለመዱ በኋላ ነው። በዚህ ዓምድ ለማስረዳት የምንሻው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ስሙ ለስድብ የዋለው ደካማ ደጋን ለትከሻ ጤንነትም ሆነ ለጨዋታው ደስታ ትክክለኛው መነሻ መሆኑን ነው።

ጉዳዩን ያነሣንበት ምክንያት አለ። ከኅብረታችን አባላት ጥቂቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ቀስት መወርወር ከጀመርን ወዲህ ፍላጎቱ ያደረባቸው ወንድሞችና እኅቶች በርክተዋል። መልካም ነው፤ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ላይ አጎንብሶ ለሚውል ተማሪ ደረት የሚከፍትና ጀርባ የሚያሠራ ጨዋታ ያስፈልገዋል። ነገር ግን አዲስ መጪ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ጉልበቱ ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ነው። አንድ የምናውቀው ተማሪ ከሃያ ኪሎ በላይ ጉልበት ያለው ደጋን በመጀመሪያው ሳምንት ገዛ፤ በሦስተኛው ሳምንት እጁን አንሥቶ ጸጉሩን ማበጠር ተሳነው። ደጋኑ አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

በመሠረቱ ደጋን ለኛ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ጦርነትና አደን ሳይነሣ፣ በአገራችን ጥጥ የሚነደፈው በደጋን ነው፤ እናቶቻችን አውታሩን እያነዘሩ ጥጡን ሲያፍታቱ ያየ ሰው የደጋንን ምሥጢር ግማሹን ዐውቋል። የታጠፈ እንጨት ወደ ነበረበት ሊመለስ ይታገላል፤ የተወጠረው አውታር ደግሞ ያንን ትግል ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ ያመጣዋል። ቀስተኛው የሚያደርገው ይህንኑ ኃይል ለፍላጻ ማስረከብ ነው።

ከባህላዊዎቹ ደጋኖች ሁለት ዓይነቶችን እንመልከት። አንደኛው ረጅሙ ደጋን ነው። በእንግሊዝ አገር የታወቀው ይኸው ሲሆን፣ ዪው ከሚባለው ዛፍ ይጠረባል፤ ቁመቱም ሰውን ያህላል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። የዚህ ዛፍ እንጨት በአንድ ግንድ ውስጥ ሁለት ጠባይ አለው፤ ወደ ልጡ የቀረበው ነጣ ያለው ክፍል መለጠጥን፣ ወደ ውስጥ ያለው ቀላ ያለው ደግሞ መጨመቅን ይችላል። ስለዚህ ነጩ ወደ ዒላማው፣ ቀዩ ወደ ቀስተኛው ዞሮ ይሠራል። ሁለተኛው ጫፎቹ ወደ ፊት የተቀለበሱት ደጋን ነው። ይህኛው ገና ሲሳብ ጠንከር ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጫፎቹ እየተዘረጉ ስለሚያግዙ ክብደቱ በድንገት አይጨምርም። በደጋን ውስጥ የሚጠራቀመው ኃይል መጨረሻ ላይ የምንይዘው ክብደት ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በየጣቱ የሳብነው ሁሉ ድምር ነው። ስለሆነም ሁለት ደጋኖች መጨረሻቸው ላይ እኩል ኪሎ ቢሆኑም፣ ባመዛኙ የተቀለበሰው የበለጠ ኃይል ያጠራቅማል። ረጅሙ ግን በአያያዝ ታጋሽ ነው፤ የጀማሪን ትንሽ ጉድለት ቶሎ አያጋልጥም። እኛ ሁለቱንም እንወዳቸዋለን፤ ቢያስመርጡን ግን ለጀማሪ ቀለል ያለውንና ረዘም ያለውን እንሰጣለን።

የቱርኮቹ ደጋን ከተቀለበሱት ወገን ሲሆን፣ ለሕክምና ተማሪ ከአናቶሚ ክፍል የወጣ ይመስላል። መካከሉ ስስ እንጨት ነው፤ ወደ ቀስተኛው በሚዞረው ሆዱ የጎሽ ቀንድ፣ በጀርባው ደግሞ ከከብት ቋንጃ የወጣ ጅማት ተፈልቅቆ ይለጠፍበታል፤ ማጣበቂያውም ከእንስሳ ጅማትና ከዓሣ የተቀቀለ ሙጫ ነው። ቀንዱ መጨመቅን፣ ጅማቱ መለጠጥን ይሸከማል። በእኛም ተረከዝ ላይ ያለው ትልቁ ጅማት እንዲሁ ይሠራል፤ ስንሮጥ ይለጠጣል፣ ኃይል ያጠራቅማል፣ መልሶም ይሰጠናል። ሙጫው በዝግታ መድረቅ ስላለበት አንድ ደጋን ለማድረስ ከዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። አውታሩ ሲወልቅ ደጋኑ ወደ ተቃራኒው ተጠቅልሎ ቀለበት ሊሆን ይቃረባል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው የተሰበረ መስሎት ይደነግጣል።

ስለ ጉልበት ካነሣን ሄሮዶቱስ በታሪክ መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል የጻፈውን ማስታወስ ይገባል። የፋርስ ንጉሥ ካምቢሰስ ሰላዮቹን ወደ «ኢትዮጵያውያን» ንጉሥ ላከ ይላል፤ በዘመኑ አጠራር ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ማለቱ ነው። ያ ንጉሥ አንድ ትልቅ ደጋን ሰጣቸውና፣ ፋርሶች ይህን የሚያህለውን እንደ እኔ በቀላሉ መገተር ሲችሉ ያን ጊዜ ይምጡብን ሲል መለሳቸው። ከፋርሶች ሊስበው የቻለው የካምቢሰስ ወንድም ብቻ ነበረ፤ እርሱም ሁለት ጣት ያህል። ታሪኩን ለጓደኞቻችን ስናወራ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ልብ ብሎ ላነበበው ሰው የንጉሡ ኩራት ከክብደቱ ይልቅ «በቀላሉ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ትከሻው እንምጣ። ሜሪ ሮዝ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጠመች፤ አካሏም በ1982 ከባሕር ወጣ። ከውስጧ ከ130 በላይ ረጃጅም ደጋኖች፣ ከ3,000 በላይ ፍላጾችና የብዙ ሰዎች አጽም ተገኝቷል። የደጋኖቹ ጉልበት ከ45 እስከ 80 ኪሎ ግራም ገደማ እንደ ነበረ ይገመታል። አጽሞቹን ያጠኑት አን ስተርላንድ በአንድ ነገር ተገረሙ። አክሮሚዮን የሚባለው የትከሻ አጥንት ጫፍ በወጣትነት ዘመን ለብቻው አድጎ፣ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ከቀሪው አጥንት ጋር ይገጥማል፤ በመርከቢቱ አጽሞች ላይ ግን ይህ ጫፍ ሳይገጥም የቀረባቸው ከተለመደው በላይ ሆኑ። ከልጅነት ጀምሮ ከባድ ደጋን መሳብ ያመጣው ሊሆን ይችላል ተባለ። ሁሉም ተመራማሪ በዚህ አይስማማም፤ ቀስት ነክቶ በማያውቅ ሰው ላይም ይገኛልና። እኛም ቅዳሜ ሁለት ሰዓት በመወርወር አጥንት ይለወጣል አንልም።

ለተማሪ የሚያሰጋው ከዚያ ጫፍ ሥር ያለው ነገር ነው። ሱፕራስፓይናተስ የሚባለው ጡንቻ ጅማቱን የሚያሳልፈው ከአክሮሚዮን በታች ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነው። ደጋኑ ከዐቅም በላይ ሲከብድ ሰው ሳያስበው ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰቅላል፤ መተላለፊያው ይጠብባል፤ ጅማቱ እየተፋተገ ይቆጣል። በቀን መቶ ጊዜ ሲደጋገም ያ ጸጉሩን ማበጠር ያቃተው ወዳጃችን የደረሰበት ይደርሳል። ሕመሙ «ሲለምድ ይተዋል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የሚያርፉበት እንጂ።

ስለዚህ ለአዋቂ ጀማሪ ከ9 እስከ 11 ኪሎ ግራም፣ በፓውንድ ከ20 እስከ 25፣ ይበቃል። ደጋን የሚይዘው ክንድ ይዘርጋ፤ ክርኑ ግን ወደ ውጭ ዞር ይበል፤ ይህን ያላደረገ ክንዱን አውታሩ ይገርፈዋል። የዚያው ክንድ ትከሻ ዝቅ ይበል። ሳቢው እጅ በክንድ ጡንቻ አይሳብ፤ ሁለቱ የጀርባ ሰሌዳ አጥንቶች ወደ አከርካሪው ሲቀራረቡ ክርኑ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ክብደቱን አጥንትና ጀርባ ከተሸከሙት ክንድ አይንቀጠቀጥም። የእኛ መለኪያ ቀላል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ስቦ፣ ትከሻው ሳይነሣ፣ እስከ አሥር መቁጠር የቻለ ደጋኑ ይስማማዋል። ያልቻለ ጉልበቱ ዝቅ ያለውን ይውሰድ፤ ኬፓዜም ቢሉት ይበሉት።

ደስታውስ የት አለ? በነዚህ ደጋኖች ላይ ማነጣጠሪያ የለም። ዓይን ዒላማውን ብቻ ያያል፤ የክንድን ከፍታ የሚያውቁት መገጣጠሚያዎችና ጡንቻዎች ለአንጎል የሚልኩት ስሜት ነው። ድንጋይ ወርውሮ ማንጎ ያወረደ ልጅ ይህን ዕውቀት ማንም ሳያስተምረው አግኝቷል። እያንዳንዱ ፍላጻ የት እንዳረፈ ሲታይ አንጎል ቀጣዩን ያርማል፤ ስሕተቱን ለማንበብ ግን አሠራሩ በየጊዜው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከባድ ደጋን የያዘ ሰው እየደከመ ስለሚሄድ አሥረኛው ፍላጻ ከሁለተኛው ጋር አይመሳሰልም፤ አንጎሉም የሚማረው ያጣል። በቀላል ደጋን ግን ከሰባት ወይም ከስምንት ሜትር ርቀት ጀምሮ ሦስት ፍላጾች ተቀራርበው ሲሰኩ የሚሰማው ደስታ ከፈተና ውጤት አይተናነስም።

ኢስታንቡል የምትኖሩ ኦክሜይዳንን እዩት። ዳግማዊ መህመድ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1453 ከያዘ በኋላ ለቀስተኞች የተከለለ ሜዳ ነው፤ የሩቅ ውርወራ ያረፈበትን የሚያመለክቱ የተቀረጹ ድንጋዮች እስካሁን በቤቶች መካከል ቆመው ይገኛሉ። በቀስተኞች መዝገብ ለመግባት ፍላጻን 900 ገዝ፣ ማለት ወደ 600 ሜትር፣ ማድረስ ይጠየቅ ነበር። በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ደግሞ በአውራ ጣት የሚጠለቁትን ቀለበቶች ታያላችሁ፤ ቱርኮች አውታሩን የሚስቡት እንደ እንግሊዞቹ በሦስት ጣት ሳይሆን በአውራ ጣት ነውና። ዩኔስኮም ይህን የቀስት ባህል በ2019 በቅርስነት መዝግቦታል።

ጥቂት ማሳሰቢያ እንጨምር። ፍላጻ የሌለበትን አውታር ስቦ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ፍላጻው ሊወስደው የሚገባው ኃይል ወደ ደጋኑ ተመልሶ ይሰነጥቀዋል። የኬፓዜው ልምምድ ስቦ፣ ይዞ፣ በዝግታ መመለስ ነው። የእንጨት ፍላጻ ሁሉ ከመወርወሩ በፊት በጣት ይዳሰስ፣ ጎበጥ ተደርጎም ይፈተሽ፤ የተሰነጠቀ ፍላጻ ሲለቀቅ ተሰብሮ ደጋን በያዘው እጅ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ፍላጻ ለመሰብሰብ ሁሉም ወርውሮ ደጋኑን እስኪያስቀምጥ ይጠበቅ። ሲያበቃም አውታሩ ይውለቅ፤ የእንጨት ደጋን ተወጥሮ ካደረ ይጎብጣልና ከማሞቂያና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ።